የግራው ደረጃ

ከዎሎአን፣ ከቶሞሆን፣ ከሐይቁም ማዶ ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ይህን የማያባራ ዝናብ ችላችሁ ከዚህ ዳስ ሥር የተሰበሰባችሁ ወገኖቼ፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የእህቴን የወይዘሮ አልቼ ዎዎርን ዜና ሕይወት እንዳነብና በአጭሩ እንዳነብ መጋቢያችን አሳስበውኛል። በአጭሩ ያሉት እኔን ስለሚያውቁኝ ነው። ሆኖም እህቴ በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው አንድ ቦታ ረግተው መቀመጥን ያልለመዱ ሰው ነበሩና፣ እሳቸውን በወረቀት ተከትሎ መሮጥ ለጸሐፊውም ለሰሚውም አድካሚ መሆኑን ከወዲሁ እንድትረዱልኝ እለምናለሁ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ሩዲ ነኝ። ተሠርተው የሚፈቱትን የእንጨት ቤቶቻችንን በጭነት መኪና ወደ ቢቱንግ ወደብ ሳመላልስ ያረጀሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ከማነበው አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ በዚህ ቤት የግራ ደረጃ ላይ ገመድ ለምን እንደታሰረ፣ ልጆችም ሊወጡበት ሲሉ ለምን እንደሚባረሩ ስትጠያየቁ ሰምቻለሁ። እደርስበታለሁ።

ወይዘሮ አልቼ ከአባታቸው ከአቶ ኤድዋርድ ዎዎርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮርኔልያ ሞኒንግካ በ1951 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዎሎአን ተወለዱ። አባታችን በቶሞሆን ገበያ የፈረስ ጋሪ ይነዱ ነበር፤ እናታችን ደግሞ በተራራው ጥግ ጎመንና በቆሎ ይተክሉ ነበር። እህቴ ሰባት ዓመት እንደሞላቸው በአገራችን ጦርነት ተነሥቶ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ጫካ ሸሸ፤ እኔ የተወለድሁትም በዚያው ሽሽት ላይ ነው። እናታችን እንደሚሉት፣ እህቴ ያን ጊዜ እኔን በጀርባቸው አዝለው አንድ ቀን እንኳ ቁጭ አላሉም፤ ለእኔ አስበው ሳይሆን መቀመጥ ስለማይችሉ ነበር።

ሽሽቱ አብቅቶ ወደ መንደር ሲመለሱ ዕድሜያቸው ገፍቶ ስለነበር፣ በቁመት ግማሻቸውን ከሚያክሉ ሕፃናት ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ። ይህ ውርደት አልዋጥ ብሏቸው በተደጋጋሚ ከትምህርት ቤት እየኮበለሉ ወንዝ ዳር ሲውሉ፣ እናታችን እየሄዱ ያመጧቸው ነበር። መምህራቸውም በመጡ ቁጥር አንዳች ሳይናገሩ ወደዚያው አግዳሚ ወደዚያው ጫፍ ይጠቁሟቸው እንደነበርና ያን ቦታ ለሌላ ልጅ እንዳልሰጡባቸው እህቴ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በዚህ ሁኔታ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከእኩዮቻቸው ዘግይተው ፈጽመው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከተመረቁ በኋላ በቶሞሆን በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። በወንበሮቹ መካከል እየተመላለሱ ስለሚያስተምሩ የኋላ ረድፍ ተማሪ መሆን ምንም ጥቅም እንዳልነበረው፣ ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ሽማግሌዎች መካከል የሚመሰክሩ አሉ።

በ1976 በመንገድ ዳር የቤት መሥሪያ ግቢ ከነበራቸው ከአናጢው ከአቶ ዌሊ ካውናንግ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳሰሩ። ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ዌሊ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ከመናገራቸው በፊት ጣውላውን አንዴ በእጃቸው ይዳብሱታል። እህቴ ግን በገዛ ሠርጋቸው ቀን ስብከቱ ረዘመ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሥተው መስኮት የከፈቱ ናቸው። ሁለቱ እንዴት አርባ ዓመት ያህል አብረው እንደኖሩ ቤተሰባችን እስከ ዛሬ አልገባውም። በትዳራቸውም ዮውላንና ስቴንሊን ወልደዋል፤ ስድስት የልጅ ልጆችንም ለማየት በቅተዋል።

ከሩቅ ለመጣችሁ እንግዶች አንድ ነገር ልንገር፤ የመንደራችን ሰዎች ይታገሡኝ። እኛ ዘንድ ቤት መጀመሪያ የሚቆመው በመንገድ ዳር ግቢ ውስጥ፣ በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ ነው፤ ከነመስኮቱ፣ ከነበረንዳው፣ ከፊት ለፊቱም ግራና ቀኝ ከሚወጡት ሁለት ደረጃዎቹ ጋር። ገዢ መጥቶ ሲወደው ሽብልቁ እየወለቀ ይፈታል፤ እያንዳንዱ እንጨት ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያም በእኔ መኪና ላይ ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ ሌላ አገር ይቆማል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ሲተላለፍ ኖሮ ልጆች እያነሱ ሲመጡ፣ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሰበካችንና ባለግቢዎቹ ተስማምተው ለወጣቶች የሦስት ዓመት የአናጢነት ልምምድ አቋቋሙ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አሥር ልጆች ጀምረው ሦስተኛው ዓመት ላይ ሦስት ቢቀሩ ነው። ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ሽማግሌ የዛሬ ልጅ አጥንት የለውም አሉ፤ ሌላው ሞተር ብስክሌትን፣ ሌላው የዘንባባ አረቄን ከሰሱ። እህቴ በዚያ ስብሰባ ላይ ቆመው ሲንቆራጠጡ የታያቸው ሰብሳቢ ሥራውን ለምን እርሳቸው አይዙልንም ብለው ጠየቁ፤ እህቴም ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ብለው እሺ አሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራቸው እውነቱን ለመናገር የሚያስመሰግን አልነበረም። ሕግ አጠበቁ፤ የቀረ ልጅ በእሁድ አምልኮ ማብቂያ ላይ ስሙ እንዲጠራ አደረጉ፤ ከመቅረቱ ይልቅ ስሙ መጠራቱ ልጁን ሲያባርረው አላስተዋሉም። እኔ ያን ጊዜ ለእናታችን አልቼ ልጆቹን እንደ ሒሳብ ልታርማቸው ነው ብዬ ነበር፤ አሁን በሞታቸው ፊትም አላጥፈውም፤ ምክንያቱም ቆይተው እሳቸው ራሳቸው ከእኔ የባሰ ስለ ራሳቸው ተናግረዋል።

በዚያ ዘመን ከሶንደር የመጣ ፌሪ ሱሙአል የሚባል ተለማማጅ ነበር። እጁ ዝግ ያለ፣ ሥራው ግን ንጹሕ ነበር፤ አቶ ዌሊ በሰው ፊት ልጅ አያመሰግኑም እንጂ የሱን ጣውላ ሲዳብሱ እጃቸው ይቆይ ነበር። ሦስተኛው ዓመት ላይ እንደ ግቢያችን ደንብ የመጨረሻ ሥራው ተሰጠው፤ ይኸውም ከማካሳር ለመጡ ደንበኛ ከታሰበ ቤት የግራውን ደረጃ ብቻውን ሠርቶ ማስረከብ ነው። ያንን ያጠናቀቀ ልጅ የሚፈተነው በወረቀት አይደለም። ባለግቢው ከባድ ሸክም ተሸክሞ በአዲሱ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ልጁ ከታች ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ደረጃው ካልጮኸ ልጁ አለፈ።

ፌሪ የደረጃውን ሁለት ጎኖች አቁሞ መርገጫዎቹን መቅረጽ እንደጀመረ ቅርንፉድ ደረሰ። ቅርንፉድ ሲደርስ በአገራችን የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ ከአናጢው እስከ አስተማሪው ዛፍ ላይ ነው፤ የእናቱን ዛፍ ሳይለቅም ጎረቤት ያየው ልጅ ደግሞ ሰው አይባልም። ፌሪ ሁለት ሳምንት ለምኖ ሄደ። ሦስተኛው ሳምንት ገባ፣ አራተኛውም ተጋመሰ፤ ዝናቡ መልቀሙንና ማድረቁን አጓትቶት ነበር። ቤቱን የምትጭነው መርከብ የምትነሣበት ቀን ሲቃረብ ገዢው ተጨነቁ፣ አቶ ዌሊም ተጨነቁ፤ እህቴ ግን የሚጨነቁበት ጊዜ አልነበራቸውምና ሌላ ልጅ ጠርተው አንተ ጨርሰው አሉት። ጨረሰው። ቤቱን ለመፍታት በተዘጋጀንበት ጠዋት፣ እኔ መኪናዬን በር ላይ አቁሜ ሳለሁ፣ ፌሪ ሙሉ ልብሱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ እየሸተተ ግቢው ገባ።

ደረጃውን አየው። ቀረብ ብሎ የጎኑን እንጨት በመዳፉ ከታች እስከ ላይ ዳበሰውና ወደ እህቴ ዞረ።

«ይሄ እኮ የኔ ነበር፣ እትዬ።»

በቁጣ አልተናገረውም። ከዚያም መሮውን ከሠራተኞቹ ሣጥን አውጥቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ለእህቴ አስረከበና ወጣ። እህቴ ሌላ ቤት እንደሚጀመር፣ ሌላ ደረጃ እንደሚሰጠው ከኋላው ተናገሩ፤ አልዞረም። በሳምንቱ ሶንደር ድረስ ሄዱ። እናቱ በግቢያቸው ቅርንፉድ በምንጣፍ ላይ እያገላበጡ፣ ልጁ ከቢቱንግ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተሳፍሮ መሄዱን ነገሯቸው። ያን ቀን ወደ ቤት የመለስኋቸው እኔ ነበርሁ። መንገዱን ሙሉ ሳይነቃነቁ ስለተቀመጡ ታመው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ወዲህ የእህቴ መቅበዝበዝ አቅጣጫ አገኘ። ካቋረጡት ልጆች ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መዞር ጀመሩ፤ ብዙ ጊዜም በእኔ መኪና፣ ብዙ ጊዜም እኔን ሳያስፈቅዱ። መጀመሪያ ላይ ለምን እንደሄዱ ይጠይቁ ነበር፤ ልጆቹም የናታችን ወገብ፣ የወንድማችን ሠርግ እያሉ ደህና ደህና ውሸት ያቀርቡላቸው ነበር። ቆየት ብለው ግን ያ ጥያቄ ልጁን ከሳሽ ፊት እንደሚያቆመው ገባቸውና ጣሉት። ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «መቼ ትመጣለህ?» ብቻ ይሉ ጀመር። ብዙዎቹ ልጆች ሥራውን ጠልተው እንዳልሄዱም ያኔ ተረዱ። ለቅርንፉድ ወይም ለሐዘን ወይም ለሩዝ አጨዳ ጥቂት ብለው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ የጀመሩት ቤት ተሸጦ ባሕር ተሻግሯል፤ አዲሱ ቤት ላይ ቦታቸውን ሌላ ይዞታል፤ አናጢውም እንኳን ደህና መጣህ፣ ቅርንፉዱ ካንተ ምን አስቀረ እያለ ይሸነቁጣቸዋል። የሚጠብቃቸው ነገር የሌለበት ቦታ ለምን ይመለሱ?

ስለዚህ እህቴ አንድ ደንብ አወጡ። ተለማማጅ የጀመረው ደረጃ፣ ልጁ ቢዘገይም ቢጠፋም፣ የሌላ ሰው እጅ አይነካውም። ቤቱ በአንድ ደረጃ ይቆማል።

ባለግቢዎቹ አበዱ። በአንድ ደረጃ የቆመ ቤት ማን ይገዛል? አላፊ አግዳሚው አልቼ ቤት ሠርታ እንጨት አለቀባት እያለ ይስቅ ነበር። ከሁሉ የባሰው ጠብ ግን በገዛ ቤታቸው ነበር፤ ግቢው የአቶ ዌሊ ነውና። አንድ እሁድ እህቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ አቶ ዌሊ ራሴን አሞኛል ብለው ቀርተው፣ ከወር በላይ ያልተነካውን የአንድ ልጅ ደረጃ በራሳቸው እጅ ጨረሱት። ከአምልኮ የወጣው ሕዝብ በመንገዱ ሲያልፍ ሁለቱም ደረጃ ቆሞ አየ። እህቴም አዩት። የእሁድ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ የእንጨት መዶሻ አንሥተው ሽብልቁን አንድ በአንድ አስወጥተው መርገጫዎቹን በሣሩ ላይ ደረደሯቸው።

«ዌሊ፣ የሠራኸውን ውሰድ» አሏቸው። «ይሄኛው ባለቤት አለው።»

ሕዝቡ እስከ ምሳ ድረስ ከአጥሩ አልተነቀለም። ለሁለት ሳምንት ያህል በዚያ ቤት ሰው በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገረው፤ ጨው አቀብለኝ የሚለውን ሳይቀር እኔ አደርስ ነበር።

ያቺ ባለቤት የተባለችው ልጅ ዛሬ የልምምዱ ኃላፊ የሆኑት ወይዘሮ ሜይስኬ ፖሊ ናቸው፤ ያን ጊዜ አባቷ ሞተውባት ወደ ኬማ ወርዳ የቀረች ተለማማጅ ነበረች። ቤቱን አንድ ባለሆቴል ከባሊ መጥተው ወደውት፣ ደረጃው ግን ለምን አንድ ሆነ ብለው ጠየቁ። እህቴ ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው አሏቸው። ሰውየው በከተማ ሦስት ቀን ሊጠብቁ ተስማሙ፤ እህቴም ኬማ ሄደው ልጅቷን እናቷ ደጃፍ ላይ አገኟት፤ ያችኑ ጥያቄ ጠይቀው መልስ ሳይጠብቁ ተመለሱ። የመጀመሪያው ቀን አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። እህቴ ከግቢው በር እስከ መንገዱ ጠርዝ ሲመላለሱ ያደረጉት ነጠላ ጫማ ተበጠሰ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሜይስኬ ከአውቶቡስ ወረደች፤ ግቢው ገባች፤ አቧራ ለብሶ እንደተወችው የቆመውን የራሷን ደረጃ አየች። እንኳን ደህና መጣሽ ያላትም፣ የት ጠፋሽ ያላትም አልነበረም፤ እህቴ አስቀድመው የሁሉንም አፍ ዘግተው ነበር። አቶ ዌሊ ብቻ መጋዝ አቀበሏት። ባለሆቴሉ አንድ ሌሊት ጨምረው አደሩ። በማግሥቱ አቶ ዌሊ አንድ ጆንያ ሩዝ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ፣ ወረዱ። ደረጃው አልጮኸም። ከሚስታቸው ጋርም ያለ እኔ መነጋገር ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደንቡ ሁልጊዜ አልሠራም። ገዢ የሸሸበት ጊዜ አለ፤ ዝናብ ያበሰበሰው ግማሽ ደረጃ አለ፤ ባለግቢው ተማርሮ ከልምምዱ የወጣበትም አለ። ነገር ግን ልጆች መመለስ ጀመሩ፤ የተመለሱትም ይጨርሱ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ከጀማሪዎቹ አብዛኞቹ ጨራሾች ሆኑ፤ ሌሎች ግቢዎችም ከሐሜት በኋላ ደንቡን ወሰዱት። አንድ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጡ ሹም በግቢው ውስጥ ቆመው ባለፈው ዓመት ስንት አጠናቀቁ፣ ስንት አቋረጡ ብለው ሲጠይቁ፣ እህቴ የመለሱላቸውን እኔም መኪናው ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ስምንቱ ጨርሰዋል፤ አራቱ መንገድ ላይ ናቸው።»

ሹሙ ግራ ተጋብተው መንገድ ላይ የሚባል ዓምድ የለንም አሉ። እህቴ እንግዲያው ጨምሩ ብለው ወደ ሌላ ሥራቸው ሄዱ። አቋረጠ የሚለውን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአፋቸው አላወጡትም።

ይህ አሁን የምታዩት ቤት የቆመው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አቶ ዌሊ ለራሳቸው መኖሪያ ከያዙት እንጨት ሁሉ ምርጡን መርጠው ነበር። የቀኙ ደረጃ ተሠርቶ ወደ ግራው ሲዞሩ እህቴ አስቆሟቸውና የፌሪ ነው አሉ። እነሆ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህ ቤት በአንድ ደረጃ ኖረ። በገና ማግሥት የሰበካችን ገንዘብ ያዥ በስህተት በግራው በር ወጥተው አበባው መካከል ወድቀዋል፤ እዚህ ተቀምጠዋልና ይቅርታ ይደረግልኝ። አንድ መጋቢም ይህ ጣዖት እየሆነ ነው ብለው መክረዋቸዋል። እኔ ራሴ ከባድ ነገር ይዤ ዙሪያውን በዞርሁ ቁጥር አጉረምርሜያለሁ። እህቴ ከግቢው ተፈትቶ ከሚሄደው ቤት ሁሉ ጋር ለሚጓዙት ሠራተኞች ፌሪ ሱሙአል የሚባል ሰው ካገኛችሁ ደረጃው እንዳለ ንገሩት ይሉ ነበር። ወደ ተርናቴ፣ ወደ ሶሮንግ፣ ወደ ጃቫ ሳይቀር ይህ መልእክት ተልኳል። ምላሽ አልመጣም። አቶ ዌሊ በ2015 ሲያርፉ በቀኙ ደረጃ ወረዱ፤ ያን ቀን እንኳ እህቴ በባዶው በኩል ቆመው ወደ መንገዱ ይመለከቱ ነበር።

ወይዘሮ አልቼ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። በማናዶ ሆስፒታል አስፈላጊው ሕክምና ተደርጎላቸው ሐኪሙ ዕረፍት ሲያዝዙላቸው፣ ዕረፍቱ ከሕመሙ ይልቅ ያማቸው ጀመር። አልጋቸውን በግራው በር አጠገብ እንድናደርግላቸው አዘዙ፤ አደረግን። ከሁለት ወር በፊት አንድ ፀጉሩ የሸበተ፣ በአንድ ጉልበቱ የሚያነክስ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ቤቱ ቀረበ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከታች ከባዶው ቦታ ላይ ቆመ። ለካስ ከሠራተኞቻችን አንዱ ሶሮንግ ላይ ጀልባ ሲሠራ አግኝቶት ኖሯል። እህቴ ከአልጋቸው ቀና ብለው ተመለከቱት። አርባ ዓመት አልፏል። እኔ አላወቅሁትም፤ እሳቸው ግን ወዲያው አወቁት።

«ፌሪ፣ ዘገየህ» አሉት።

«ቅርንፉዱ ብዙ ነበር፣ እትዬ» አላቸው።

እህቴ ሳቁ፤ ሲስቁም ትንፋሽ አጥሯቸው ዮውላ ሮጣ መጣች። ከትራሳቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን መሮ አውጥተው ሰጡት። ስለቱን አይቶ ማንም እንዳልሳለው ገባውና ቁጭ ብሎ መሳል ጀመረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቤት የመጋዝ ድምፅ ሲሰማ ከረመ። ፌሪ ድሮም ዝግ ያለ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጉልበቱ ተጨመረበት። እህቴ ከአልጋቸው ሆነው የደረጃው አቀበት በዛ ይሉታል፤ ለክቶ አልበዛም ይላቸዋል፤ በዝቷል ይሉታል፤ ይፈታዋል። እኛ ቤተሰቡ ግን የሐኪሙን ቃል ሰምተን ነበርና ጊዜው እየሮጠ መሆኑ አስጨንቆን እኔ ወርጄ እባክህ ፍጠንላቸው፣ ሳያዩት እንዳይሄዱ ብዬ ለመንሁት። መርገጫውን መላጉን ሳያቆም መለሰልኝ።

«ጋሼ ሩዲ፣ እትዬ አንድ ጊዜ አስቸኩለውኛል። ሁለተኛ አልቸኩልም።»

ተናድጄ ወጣሁና ያለውን እንዳለ ለእህቴ ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እውነቱን ነው። ተወው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አቀበቱ በዛ ማለታቸውን ተዉ። ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። እህቴ ረግተው ሲያርፉ ያየሁት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው፤ አልደብቃችሁም፣ ደስ አላለኝም፤ ተነሥተው መስኮት ቢከፍቱ እመርጥ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ፌሪ የመጨረሻውን፣ የላይኛውን መርገጫ በመቅረጽ ላይ ሳለ፣ ወይዘሮ አልቼ በልጃቸው በዮውላ እጅ ላይ በሰላም አረፉ። ልቅሶው ሲሰማ ፌሪ መሮውን አስቀመጠ። እኔ እንግዲህ ይተወዋል፣ ለማን ብሎ ይጨርሳል ብዬ አሰብሁ። እሱ ግን መሮውን መልሶ አነሣው። ያን መርገጫ ትናንት ከቀትር በኋላ ገጥሞ፣ ሽብልቁን መትቶ፣ ማንም እግሩን እንዳያሳርፍበት ገመድ አሰረበት።

ወይዘሮ አልቼ ዎዎር ልጃቸውን ወይዘሮ ዮውላን ከነባለቤታቸው፣ በመርከብ ላይ ሆኖ መድረስ ያልቻለውን ስቴንሊን፣ ስድስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንደ ልጅ የሚያዩአቸውን ወይዘሮ ሜይስኬን፣ በየግቢው ያሉ አናጢዎችን፣ እንዲሁም ገና መንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሞት ተለይተዋል። ቦታ አስቀምጦ የሚጠብቅ አምላክ የእህቴን ነፍስ ባዘጋጀላት ስፍራ ያሳርፍ፤ እዚያም አንድ የሚሠራ ነገር አያሳጣቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። ስላጽናናችሁን፣ ዳሱን ስላቆማችሁ፣ በዝናብ ስለቆማችሁ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

አሁን መጋቢያችን ሰዓታቸውን እያዩ ነውና አንድ ልመና ብቻ ይቅረኝ። ሣጥኑን ተሸክመን የምንወርደው በግራው ደረጃ ነው። ገመዱን ፌሪ ራሱ ይፈታል፤ ከዚያም እንደ ደንቡ ከታች ቆሞ ይጠብቃል። ተሸካሚዎቹ ስድስት ነን፤ እህቴም ቀላል ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ዘማሪዎች፣ መዝሙሩን መሬት እስክንነካ ድረስ አቆዩልን። የሚያለቅስም ጥቂት ይታገሥ። ሁላችንም ዝም እንበልና እናዳምጥ።